ሰባት ዓመት ወደኋላ

እንጅባራ ውስጥ ደመወዝተኛ ሆኖ ሰርክአዲስን የማያውቅ የለም። ከዞኑ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። የአንዱ የቅጥር ዘመን፣ የሌላዋ የወሊድ ፈቃድ፣ የዚያኛው የጡረታ ቀን፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። የእኛን ዘመን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ስትመልስ ወረቀትም እስክሪብቶም አትፈልግም፤ ከአፏ ነው የሚወጣው። ተሳስቶ የጻፈ ሰው ደግሞ ወየውለት! «አንተ፣ ዲግሪ ተሸክመህ የተወለድህበትን ዓመት አታውቅም?» ትልና፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ እስኪስቅ ድረስ ታዋርደዋለች።

እኔ ካሳነሽ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰርክአዲስ ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን ስንኖር አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። የስፌት መኪናዬን የምዘረጋው በረንዳዬ ላይ ነው፤ የእሷ በር ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ሐሜት ነው የሚል ካለ ይበል፤ ስማኝ ብሎ የለመነው የለም።

ሰርክአዲስ የአዘና ገጠር ልጅ ናት። አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከተማ አጎቷ ዘንድ መጣች፤ አማርኛውንም ቁጥሩንም ያስተማራት አርጩሜ ነው። ቅልጥሟ ላይ ያለውን ጠባሳ እየገለጠች «ይቺ ስድስት ጊዜ ስምንት ናት፣ ይቺ ሰባት ጊዜ ዘጠኝ» ትለን ነበር፣ ምን እንደሚያኮራት እንጃ። እንዲያ ተገርፋም አሥረኛ ክፍል ስትፈተን የጣላት ሒሳብ ነው። ኋላ ባል አገባች፤ ሰውየው ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ ዳንግላ ገብቶ ሌላ አገባ። ከዚያ ወዲህ የቀራት መዝገቧና ምላሷ ነው። አሳዘነችሽ ወይ ብትሉኝ፣ አላሳዘነችኝም። ሰው ሊያዝንላት ሲል ቀድማ የምትናከስ ሴት ናት።

እኔንም ነክሳኛለች። የዛሬ ሁለት ዓመት የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ሆኖ፣ ሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ልጄ ምህረቴ ዳቦ ሲያዞር አየችውና «ካሳነሽ፣ ይሄን ልጅ በከንቱ አታድክሚው። ከትምህርት ቤት አውጥተሽ መርፌ አስጨብጪው፤ ምናልባት ክር ማስገባት ይችል ይሆናል» አለች። ሴቱ ሳቀ። ልጄ የዳቦውን ሰፌድ አስቀምጦ ጓዳ ገብቶ አለቀሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ፣ ቤቱ የኔ ነው፣ እንግዳ አይቆጡም። ግን ጥርሴን ነክሼ ያዝኩላት።

ይታይሽ የሰርክአዲስ ወንድም ልጅ ናት፤ ወንድምየው ደረሰ ይባላል። አገር ቤት ያለው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሆነው። ደረሰ ባለፈው መስከረም ልጁን ይዞ መጣና እህቱ ጉልበት ላይ ወድቆ «እቴቴ፣ ይችን ብቻ አስተምሪልኝ» አላት። ሰርክአዲስ ተቀበለች፤ ግን እኔ ባለሁበት ቃል አስገባችው። «እስከ የካቲት አያታለሁ። ማባዣውን በቃሏ ካወቀች እስከምትጨርስ አስተምራታለሁ። ካላወቀች መጥተህ ትወስዳታለህ፤ በማይገባው ጭንቅላት ዕድሜዬን አልጨርስም» አለችው። ደረሰ እሺ አለ። ምን ይበል? ልጅቱ ከተመለሰች የምትማርበት ደጅ የለም፤ የሚጠብቃት ፍየልና ታናናሾቿን ማዘል ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ይታይሽም ታውቃለች፤ ስምንት ዓመቷ ቢሆንም ቆማ ስትሰማ ነበር።

ቀጭን ናት፤ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታይ። ፊደሉን ከአጥቢያቸው ቄስ ለቅማ ስለመጣች ሁለተኛ ክፍል ገባች። በወሩ አስተማሪዋ «ልጅቱ ፈጣን ናት» ብላ ላከች። ሰርክአዲስ ከንፈሯን አጣመመች። «አስተማሪ ለሁሉም እንዲህ ነው የሚል» አለችኝ።

እሷ የምታምነው ሌላ ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤቷ ሰው «ልጄ በስልክ፣ በኦንላይን ፕሮግራም፣ ማባዣውን በሦስት ሳምንት ጨረሰው» ብሎ ጎርሮባታል። ኔትወርክም ከተመለሰ ጊዜው አጭር ነበር፤ ሰው ሁሉ ስልኩን እንደ አዲስ ሙሽራ ያቅፋል። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ይታይሽን መዘገበቻት። ስም፣ ጾታ፣ የትውልድ ዘመን። እንዳትሳሳት የልጅቱን የክርስትና ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ፣ አንዴ ወረቀቱን አንዴ ስልኩን እያየች፣ 2009 ብላ ጻፈች። «ኮምፒውተር አያዳላም፤ ልክሽን ይነግርሻል» አለቻት።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። ስልኩ ላይ «6 × 7» ይላል፤ ከሥሩ አራት መልስ ይደረድራል። ትክክሉን በጊዜው ከነካሽ አረንጓዴ ፊት ይስቅልሻል። ከተሳሳትሽ ወይ ከዘገየሽ ቀይ ፊት ያለቅስብሻል፤ ዘግይተሽ የነካሽውንም ግን መዝግቦ ያስቀምጠዋል። ጊዜውን የሚቆርጠው በልጁ ዕድሜ ነው አሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ ልጁ ከእኩዮቹ ጋር ሲተያይ የት እንዳለ በአንድ መስመር በእንግሊዝኛ ይጽፋል።

የይታይሽ ቀይ ብቻ ሆነ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ይጀምራሉ። እኔ ከመኪናዬ ሆኜ እሰማለሁ። «ስድስት ጊዜ ሰባት» ትላለች ሰርክአዲስ። ልጅቱ «አርባ ሁለት» ትላለች፤ ጣቷ ሳይደርስ ቀይ። «ስምንት ጊዜ አራት።» «ሠላሳ ሁለት።» ቀይ። እናቴ ትሙት፣ አፏ ትክክል ነበር! እኔ እንኳ አራተኛ ክፍል ያቆምኩት በጣቴ ቆጥሬ አረጋግጫለሁ። «አክስቴ፣ ብዬ ነበር እኮ» ስትል «የሚመዘገበው አፍሽ አይደለም፣ ጣትሽ ነው! የእኩዮችሽ ጣት እንዴት ይደርሳል?» ትልና ጭኗን ትቆነጥጣታለች። አቆናጠጧን ታውቁት እንደሆን፣ ይዞ ማዞር ነው። ልጅቱ ድምፅ አታሰማም፤ ጉንጯ ብቻ ይንቀጠቀጣል።

በሁለተኛው እሑድ የመጣውን መስመር ሰርክአዲስ መዝገበ ቃላት አውጥታ ተረጎመችው። «ከዕድሜዋ ሰባት ዓመት ወደኋላ ናት» ይላል። ሰባት ዓመት! ግቢው መሀል ቆማ ጮኸች። «ስሙ ጎረቤቶች! ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሰባቱን ሲቀንሱት የአንድ ዓመት ጭንቅላት ነው የተሸከመችው። ገና ጡት መጥባት አለባት!» ሰው ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። ከዚያ አዲስ ቅጣት አመጣች፤ እንዲህ ያለውን ከየት እንደምታመጣው እንጃ። ቀይ በበዛ ቀን ልጅቱ ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ኋሊት እየተራመደች እንድትገባ ታደርጋታለች። «ጭንቅላትሽ ወዳለበት ሂጂ» ትላታለች። የግቢው ልጆች ግራና ቀኝ ቆመው ያጨበጭባሉ። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ አደናቅፏት በጀርባዋ ከነውኃው ወደቀች። በእንጅባራ ብርድ፣ በኅዳር፣ ከነዩኒፎርሟ እየተንቀጠቀጠች ተነሥታ እንደገና ከበሩ ጀመረች፤ ሳይነግሯት።

ከሚያጨበጭቡት ፊት የሚቆመው የኔ ምህረቴ ነበር። ተው አላልኩትም። ከኋላ ክፍል የተከራየች ዮርዳኖስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለች፤ እሷ ለልጄም ያንኑ ፕሮግራም ከፍታለት፣ አረንጓዴው እንደ ጉድ ይዘንባል። እሑድ ሲሆን «ከዕድሜው ልክ» ይለዋል። አሥር ዓመቱ ነው፤ ልክ መሆን ብርቅ አይደለም፤ ግን በዚያ ግቢ ሊቅ ሆነ። ሰርክአዲስ ራሷ አንድ ቀን መጥታ «ምህረቴ፣ እስቲ ለዚች አሳያት፣ ጣትህን እንዴት ነው የምታደርገው?» አለችው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ያን ቀን የሰፋሁት ቀሚስ ከደስታዬ የተነሣ ቀጥ ያለ ስፌት አልነበረውም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ዮርዳኖስ ወደ በረንዳዬ መጣች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። ሰርክአዲስ የስልኩን ድምፅ አስተካክዪልኝ ብላ ሰጥታት፣ ዮርዳኖስ የልጅቱን ገጽ ከፍታ አይታለች።

«እትዬ ካሳነሽ፣ ይሄ ፕሮግራም ይታይሽን የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነው የሚላት!»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እትዬ ሰርክአዲስ 2009 ብለው የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ የፈረንጅ ነው፤ እንደ ፈረንጅ 2009 ነው የቆጠረው። ጊዜውን የሚቆርጥባት ለጎረምሳ ነው፣ ሁለት ሰከንድ። ሰባት ዓመት ወደኋላ ያለው ከአሥራ ስድስት እኮ ነው። ዘጠኝ ማለት ነው! በሁለት ሰከንድ እየተሯሯጠች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሥራ ትሠራለች፤ ስምንት ዓመቷ ሆኖ! እርስዎ ይንገሯቸው፤ እኔ እፈራቸዋለሁ።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተውኩት። ሰርክአዲስ! የሃገሩን ዘመን ሁሉ የምትቀይር፣ በሁለት ቀን ስሕተት ሰው የምታዋርድ ሴት፣ ለገዛ ወንድሟ ልጅ ሲሆን የሰባት ስምንት ዓመቱን ልዩነት ዘነጋችው። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። «ተይው፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኳት።

አልነገርኳትም።

ዛሬ ነገ አልኩ። አንድ ቀን ልነግራት ተነሥቼ ነበር፤ ደጃፏ ስደርስ ለጎረቤት «የልብስ ሰፊዋ ልጅ እንኳ በልጧታል» ስትል ሰማኋት። እንኳ! እሱን ቃል ይዤ ተመለስኩ። ደግሞ ምህረቴ በሕይወቱ አንዴ ሊቅ ሆኖ ሳለ በገዛ እጄ ላውርደው? ልጅቱ እንደሆነች በአፏ ታውቃለች፣ አስተማሪዋም መስክራለች፣ የከፋ ነገር አይመጣም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። ዮርዳኖስ ስትጠይቀኝ «ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች» አልኳት። ፈተና ላይ ነበረች፤ አላጣራችም። እነሆ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ እኔና ሰርክአዲስ በምላስ ስንጣላ የልጅቱ ጭን ጠቆረ።

ጥር ሲገባ ይታይሽ በአፏ መመለሷን አቆመች። ስልኩ ሲቀርብላት ዓይኗን ጨፍና ያገኘችውን ትነካለች። «አምስት ጊዜ ሁለት» ስትባል እንኳ ዝም። አስተማሪዋ «ልጅቱ ምን ሆነች? ክፍል ውስጥም አትናገርም» ብላ ላከች። ሰርክአዲስ «አላልኩም?» አለች። በየካቲት መጀመሪያ ለወንድሟ ደወለች።

ደረሰ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። መንገዱ አይታመንም ብሎ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በሚኒባስ ነው የመጣው። ለእህቱ አንድ ጆንያ ድንች በትከሻው ተሸክሟል። ዕድፍ ያለበትን ጋቢ አስተካክሎ፣ ለእኔ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ይታይሽ ከቤት ወጥታ አየችውና ሮጣ አልሄደችም። ግድግዳውን ይዛ ቆመች። እሱ ነው ተነሥቶ የሳማት፤ «ከስታለች» አለ ለራሱ፣ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ ልቤ አልቻለም። ሰርክአዲስ ውኃ ልትቀዳለት ጓዳ ስትገባ ተከትያት ገባሁና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። አላመነችኝም። ስልኳን አውጥታ፣ ገጹን ከፍታ፣ 2009ን አየችው። ከንፈሯ ነጣ። እሱን አጥፍታ፣ የልጅቱ ልደት ከፈረንጅ አዲስ ዓመት ወዲህ ነውና፣ 2017 ብላ ጻፈች። ስልኩ ትንሽ ዞሮ ዞሮ የጥቅምትንም፣ የኅዳርንም፣ የታኅሣሥንም ከሥር ጀምሮ እንደገና ቆጠረው። ቀዩ ሁሉ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆነ። ከላይ «ከዕድሜዋ አንድ ዓመት ወደፊት ናት» የሚል መጣ። እሷ ፈረንጅኛውን በአማርኛ እየመለሰች አነበበችው፤ እኔ ከፊቷ አነበብኩት።

የጓዳውን በር ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«መቼ ነው ያወቅሽ?»

«ታኅሣሥ።»

«ታኅሣሥ!» አለች። ትጮሃለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። «ሁለት ወር ሙሉ ስቆነጥጣት እያየሽ ልብስሽን ሰፋሽ።»

«አንቺ ነሽ የቆነጠጥሻት!»

«እኔ ሳላውቅ ነው። አንቺ እያወቅሽ።» ስልኩን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «አሁን ወጥተን እንንገረው? እኔ ዘመን መቁጠር አልቻልኩም ልበል፤ ነገ መሥሪያ ቤት ያዋረድኩት ሁሉ ይሳቅብኝ፤ ይሁን። አንቺ ደግሞ ምን ትያለሽ? ልጄ በልጦ እንዲታይ ብዬ ልጅህን አስቆነጠጥኩ ትይዋለሽ? ዓይኑን እያየሽ?»

ከውጭ ደረሰ ልጁን በአዊኛ ቀስ ብሎ ሲያናግራት ይሰማል። መልሷ አይሰማም።

«ካሳነሽ፣ ልጅቱን እያት እስቲ» አለች ሰርክአዲስ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ብትቀመጥ በየቀኑ ዓይኗን እያየሁ ልኖር ነው። አልችልም።» ይህን ያህል እውነት ስትናገር በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ የመዝገብ ቤቷ ሰርክአዲስ ሆና፣ ውኃውን ይዛ ወጣች። እኔም ተከትዬ ወጣሁ።

ደረሰ ውኃውን በሁለት እጁ ተቀበለ። እኔ ስላለሁ በአማርኛ ነው የተናገረ፤ ጨዋ ነው።

«እቴቴ፣ እንዲያው ጭራሽ አይገባትም?»

ሰርክአዲስ አልተንተባተበችም። «አይገባትም።»

«ቢዘገይስ? ትንሽ ብንጠብቃት?»

«ሞከርኩ እኮ ደረሰ። በስልክ፣ በኮምፒውተር፣ በሁሉም ሞከርኩ። ካሳነሽም አይታለች።»

ወደ እኔ ዞረ። ያን ዓይን አልረሳውም፤ የሚለምን ዓይን ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ የሚፈልግ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ነበር። ከኋላው ምህረቴ ደብተሩን ይዞ በራችን ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። «አዎ፣ ብዙ ደክማለች» አልኩ።

ደረሰ ጎንበስ ብሎ ልጁን ጠየቃት። «አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እናቴ?» ይታይሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋን አሰማች። «አባ፣ እኔ ደደብ ነኝ፤ እንሂድ» አለች። ሳታለቅስ ነው ያለችው፤ ስሟን እንደምትናገር ነው ያለችው።

አባትየው ራሱን ነቀነቀ። ልብሷን በፌስታል ቋጥሮ፣ ደብተሮቿን ግን «ለሌላ ልጅ ይሁኑ» ብሎ ደጃፉ ላይ ትቷቸው ተነሣ። ከዚያ እህቱ ጉልበት ላይ ጎንበስ ብሎ ሳመ። «እግዜር ይስጥሽ እቴቴ። የወለድኩት እኔ፣ የለፋሽው አንቺ። እንጀራሽን በልታ፣ ቤትሽ አድራ፣ ምንም ሳትሆንልሽ ቀረች፤ ይቅር በይን» አላት። ሰርክአዲስ «ኧረ ምን ገዶኝ» አለች፤ ድንቹን እያየች።

ወደ እኔም መጣና ሁለት እጄን ያዘ። እጁ እንደ ቅርፊት ሻካራ ነው። «እርስዎም እትዬ ካሳነሽ፣ የሰው አገር ላይ ዓይንዎን ከልጄ ሳያነሡ ጠበቁልኝ። ውለታዎን አልረሳም» አለኝ።

«ኧረ ምን አደረግሁ» አልኩት፤ «ጎረቤት አይደለሁ?»